ካዱ፦ የአርሲ ስንዴና የገበሬው ሥራ

አሰላ ሲባል ብዙ ሰው ሯጮቿን ያስታውሳል። የስንዴዋ ታሪክ ግን ከዚያ አያንስም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት በብዛት የነበረው ገብስ፣ ከብትና የበሬ እርሻ ነው።

ካዱ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አቀረበ፤ ማረሻ አሻሻለ፣ መንገድም ሠራ። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድርን የመሰሉ ጥቂት ነገሮችን በየአካባቢው ላዳረሰው አገር አቀፍ የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም አርአያ የሆነውም እሱ ነው፣ ይህን ማንም አይወስድበትም። ምርቱ አደገ። ሥራውስ? ጭሰኛ ለመበደር የባለመሬቱ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ስንዴ እንደሚያዋጣ ሲታይ ደግሞ ባለመሬቱ ራሱ ያለ ቀረጥ የገባ ትራክተር ይዞ ብቅ አለ፤ ቤተሰቡን ሙሉ ያሠራ የነበረው ማሳ በአንድ ሹፌር ይታረስ ጀመር፣ ጭሰኛውም ተነቀለ። የተፈናቀሉት በሺዎች ናቸው ይባላል፣ ቁጥሩ ያከራክራል። ጥፋቱን ካዱ ላይ የሚጭኑ አሉ። ልክ አይደሉም። ስዊድኖቹ የጭሰኛ ሕግ ይውጣ ብለው ወትውተዋል፤ ባለመሬት የሞላበት ፓርላማ ነው ያላሳለፈው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ካዱም አርዱ (የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት) ተብሎ መላ አርሲን ያዘ፤ ቀጥሎ ገበሬው የተወሰነ እህል ለመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ እንዲሸጥ የሚያስገድደው የእህል ኮታ መጣ።

ዛሬ አጨዳ ሲደርስ ኮምባይነር በደላላ ይመጣል፣ ሒሳቡም በኩንታል ነው። ደቦ ተጠርቶ ቀናት ይፈጅ የነበረው በሰዓታት ያልቃል። ለቀን ሠራተኛ የሚቀረው ጆንያ መያዝ፣ መስፋትና መጫን ነው። ብክነት ይቀንሳል፣ ዝናብም አይቀድምም፣ ስለዚህ ገበሬውን ለምን ተከራየህ ማለት አይቻልም። መሬት ያልደረሰው ወጣት ግን አዲስ አበባ ወይም ዐረብ አገር ይሄዳል።

በአገር ደረጃ በሠራተኛ ኃይል ጥናቶች መሠረት ሥራ ላይ ካለው ሰው የግብርና ድርሻ በ1997 ዓ.ም. ከነበረበት 80 በመቶ ገደማ በ2005 ወደ 73 ወርዷል። ሰው ከእርሻ መውጣቱ ራሱ ክፉ አይደለም፣ የሚገባበት ካለ። አርሲ ውስጥ ደህናው ምሳሌ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ይመስለኛል፦ ገብሱን ከገበሬው ይገዛል፣ ብቅሉን ለቢራ ፋብሪካ ይሸጣል፣ መሀል ላይ ያለው የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና የማበጠር ሥራ እዚያው ይቀራል።