የአሮጌ ብስክሌት መብራትን ወደ ኤልኢዲ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎማ ላይ ተደግፎ የሚሽከረከር ዲናሞ ያለው አሮጌ ብስክሌት ለኤልኢዲ መብራት ምቹ ነው። ሆኖም ከኮምቦልቻ ሜዳ ተነስቶ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወስደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት ስላለው፣ ሲወጡ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሲወርዱ ደግሞ በጣም ፈጥኖ የሚዞረው ያው ዲናሞ በችኮላ የተሠራን መብራት ጉድለት ቶሎ ያጋልጣል። ጉድለቱም ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ከሚከተሉት አመለካከቶች ነው።

«አምፖሉን ነቅሎ ኤልኢዲ መሰካት ይበቃል።» አይበቃም። የዲናሞ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ነው። የድሮው አምፖል ክር ከየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣለት ግሎ ያበራል፤ ኤልኢዲ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ ዳዮድ በመሆኑ ግማሹን ጊዜ ይጠፋል፣ በዚያም ጊዜ ሊቋቋመው የማይችል የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ ሊያርፍበት ይችላል። ስለዚህ የሚቀያየረውን ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያቀና፣ አራት ዳዮዶች ያሉት «ድልድይ» በመካከል መግባት አለበት። ተራ የሲሊከን ዳዮድ እያንዳንዱ 0.7 ቮልት ገደማ ስለሚያስቀር፣ ኤሌክትሪኩም በአንድ ጊዜ በሁለቱ ስለሚያልፍ፣ 1.4 ቮልት ይባክናል። ዳገት ላይ ይህ ቀላል ኪሳራ ስላልሆነ ያነሰ ቮልት የሚያስቀረውን፣ ሾትኪ የሚባለውን የዳዮድ ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። በአሮጌ ብስክሌት ላይ ከዲናሞ ወደ መብራት የሚሄደው ሽቦ አንድ ብቻ ነው፤ መመለሻው የብስክሌቱ ብረት ራሱ ነው። ከድልድዩ የሚወጣው ኔጌቲቭ እንደ ልማዱ ከብረቱ ጋር ከተገናኘ፣ በእያንዳንዱ ዙር ግማሹ ኤሌክትሪክ ኤልኢዲው ዘንድ ሳይደርስ በአንዱ ዳዮድ በኩል አቋርጦ ወደ ዲናሞው ይመለሳል። መብራቱ ይደክማል፣ ይርገበገባል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በዲናሞው ላይ ያሳብባል። መፍትሔው ከድልድዩ እስከ ኤልኢዲው ሁለት ሽቦ መዘርጋትና የኤልኢዲውን መስመር ከመብራቱ ብረታማ ቤት በደንብ መለየት ነው።

«ዲናሞው 6 ቮልት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።» 6 ቮልት እና 3 ዋት የሚለው ጽሑፍ የሚሠራው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት፣ የታሰቡለት አምፖሎች ማለትም የፊቱ 2.4 ዋት እና የኋላው 0.6 ዋት ተገጥመው ሲበሩ ነው። ዲናሞ በባሕርዩ የሚገድበው አምፔሩን እንጂ ቮልቱን አይደለም፤ ፍጥነት ቢጨምርም ከ0.5 አምፔር ብዙ አይርቅም፣ ጭነቱ ሲቀልለት ግን ቮልቱ ያሻቅባል። የፊት አምፖል በተቃጠለ ማግስት የኋላውም የሚከተለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሐረጎ ቁልቁል እየተወረደ የኤልኢዲው ሽቦ ቢላቀቅ፣ የመብራቱን መርገብገብ እንዲያለሰልስ የተገጠመው ካፓሲተር ላይ በአስር የሚቆጠር ቮልት ሊከማች ይችላል፤ ስለዚህ ቮልቱን የሚገታ ዜነር ዳዮድ አብሮ ይገጠም። ኤልኢዲውም ቢያንስ 0.5 አምፔር ያለ ችግር የሚሸከም መሆን አለበት።

«ያለ ሬዚስተር ኤልኢዲ አይሠራም።» ሬዚስተር የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ዕቃ ነው፤ አባባሉም በባትሪ ለሚሠራ መብራት በአብዛኛው እውነት ነው። ሦስት ደረቅ ድንጋዮች 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፣ ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ የቀረው 1.5 ቮልት ለ0.1 አምፔር ሲካፈል 15 ኦም ይሆናል። በዲናሞ ላይ ግን አምፔሩን ዲናሞው ራሱ ስለሚገድብ ሬዚስተሩ ያለችውን ኃይል ወደ ሙቀት ከመቀየር በቀር ጥቅም የለውም።

«ኤልኢዲ አይሞቅም።» ብርሃኑ አያቃጥልም፤ መቀመጫው ግን ይሞቃል። ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ አሉሚኒየም ሳህን ከታሸገ ዕድሜው አጭር ነው።

«ደመቅ ካለ ሩቅ ያሳያል።» የድሮው አንጸባራቂ ሳህን የተቀረጸው በየአቅጣጫው ለሚያበራ ክር ነው። ኤልኢዲ ወደ ፊት ብቻ፣ 120 ዲግሪ ያህል ተዘርግቶ ስለሚያበራ አብዛኛው ብርሃኑ ሳህኑን ሳይነካ ይበተናል፤ ስለዚህ ለኤልኢዲ የተሠራ ሌንስ ያስፈልገዋል። የተበተነ ብርሃን በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ በደሴ ጉም ውስጥም ወደ ጋላቢው ራሱ ይመለሳል። ለጉም መድኃኒቱ ቢጫ ቀለም ነው ሲባል ይሰማል፤ የጉም ጠብታዎች ከብርሃን ሞገድ እጅግ ስለሚተልቁ ግን ቀለሙ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። የሚጠቅመው መብራቱን ዝቅ አድርጎ ማሰርና ወደ መሬት ማዘንበል ነው።

«ኤልኢዲ ከተገጠመ ፔዳሉ ይቀልላል።» እግር ላይ የሚሰማው ክብደት በአመዛኙ ዲናሞው ከጎማው ጋር ሲፋተግ የሚፈጠር ነው፤ ትርፉ ለዚያው ድካም ብዙ እጥፍ ብርሃን ማግኘት ነው። በክረምት ጎማው ረጥቦ የዲናሞው ጭንቅላት ሲንሸራተት ደግሞ የትኛውም ኤልኢዲ አያበራም፤ ያኔ የሚታየው ጭንቅላቱ ማለቅ አለማለቁ፣ ዲናሞውን ወደ ጎማው የሚገፋው ሞላ መድከም አለመድከሙ፣ አቀማመጡም ከተሽከርካሪው መሐል ጋር ቀጥ ማለት አለማለቱ ነው።