ሲፒኤስ እና የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ወላጆች

አሜሪካ ያሉ ሐበሾች «ሲፒኤስ» ይሉታል። የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ኦፊሴላዊ ስሙ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ጥቆማ ሲደርሰው ሠራተኛ ቤት ድረስ ይልካል። ሠራተኛዋ ፍሪጁን ትከፍታለች፣ የልጆቹን መኝታ ታያለች፣ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ ትጠይቃለች። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ከሆነ ብዙ ጊዜ የጥያቄው መልክ ይቀየራል። ፍሪጁ ሙሉ እንደነበር የሚያነሳ አይገኝም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ወላጁ ምን አደረገ ከመባሉ በፊት በሽታው ምን ይባላል ይባላል። ሐኪም ዘንድ የሄደች እናት የሕክምና መዝገቧ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብባት ይችላል። ያልሄደች ደግሞ «ሕመሟን አትቀበልም» ትባላለች። ልጁ ከተወሰደ በኋላ ብዙ ጊዜ የምታየው ቢሮ ውስጥ ነው፤ ጥግ ላይ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ተቀምጦ። አንዳንዱ መድኃኒት ፊትን ያፈዛል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ይህን የማያውቅ ሰው «ለልጇ ስሜት አይታይባትም» ብሎ ይጽፋል።

ቀኑም አይጠብቅም። በ1997 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር (ከወላጁ ተወስዶ በጊዜያዊ አሳዳጊዎች ዘንድ) ካሳለፈ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። ልጁ ዘመድ ጋ ካለ ሊታለፍ ይችላል። ግን የሚስማማውን መድኃኒት ማግኘት ብቻ ወራት ይበላል። በኒው ዮርክ ሕግ የአእምሮ ሕመም ራሱን የቻለ የማቋረጫ ምክንያት ነው፤ ወላጁ አሁንም ሆነ ለወደፊቱ ልጁን መንከባከብ አይችልም ከተባለ። ይቺ «ለወደፊቱ» የምትል ቃል ለእኔ ከሁሉም ታስፈራለች። ካሊፎርኒያ ደግሞ ባለሙያዎች ስለ ወላጁ የአእምሮ ሕመም ከመሰከሩ ልጁን ወደ ቤት ለመመለስ የሚሰጠው አገልግሎት ጭራሽ ሊከለከል ይችላል።

አደጋ የለም ማለት አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚነሳ ከባድ የአእምሮ መቃወስ አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል፤ ሕፃኑንም መጠበቅ ግድ ነው። ግን ድባቴ ኖሮባት ልጇን በሰዓቱ ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ሌላ ጉዳይ ናት። በ2024 የፌዴራሉ ጤና ሚኒስቴር ያወጣው ደንብ፣ የሕፃናት ጥበቃ ድርጅቶች አካል ጉዳት ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበትን ወላጅ በግምትና በጅምላ አመለካከት እንዳይፈርጁ ይከለክላል።

የእኛ ሰው ላይ ቋንቋም ይጨመራል። «ምነው በሞትኩ»፣ «ይሄ ልጅ አሳበደኝ» እያልን ነው የምንውለው። ልምድ የሌለው አስተርጓሚ ቃል በቃል ካስተላለፈው፣ ፋይሉ ላይ ራሷን ልታጠፋ የምታስብ እናት ትሆናለች። «ጠበል ጀምሬያለሁ» ማለትም ሕክምና እምቢ እንዳለች ተደርጎ ሊያዝ ይችላል፤ ኪኒኗን ጠዋት ጠዋት እየዋጠች እንኳ።