«ለማውራት ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?» ስለ ኳሊቴቲቭ የጤና ምርምር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። «ጤና ላይ ነው የምሠራው» ስል «ዶክተር ነሽ?» ይሉኛል። «አይ፣ ተመራማሪ ነኝ። ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸውን ሰዎች አነጋግራለሁ» ስል ደግሞ ፊታቸው ላይ ሌላ ጥያቄ ይነበባል። ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል? ባለፉት ዓመታት የሰማኋቸውን እስቲ አንድ በአንድ ላንሣ። አንዳንዶቹን ታክሲ ውስጥ ነው የሰማሁት፤ አንዳንዶቹን ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ከሐኪሞች አፍ።

«ኳሊቴቲቭ ማለት የጥራት ቁጥጥር ነው»

አይደለም። ሰውን የሚያሳስተው «ጥራት» የሚለው ትርጉም ነው። በአማርኛ ጽሑፎች ዓይነታዊ ምርምር ይባላል፤ ቁጥር ላይ የሚያተኩረው ደግሞ መጠናዊ። ቢሮ ውስጥ ግን ሁላችንም ኳሊቴቲቭ ነው የምንለው። መጠናዊው ከመቶ ስንት ሰው ክኒን እንዳቆመ ይነግረናል። እኔ የምፈልገው ያቆመው ሰው ያን ቀን ምን ሲያስብ እንደነበር ነው።

«ቁጭ ብሎ ማውራት ማንም ይችላል»

አንድ ጎበዝ ዳታ ሰብሳቢ ነበረን፤ አዲስ ምሩቅ። ደም ብዛት ያለባቸውን አንዲት እናት «እማማ፣ መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» አላቸው። «አዎ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት። አለቀ። ቀጥሎ ምን ይጠየቃል? ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ደግሞስ ደብተር ይዞ ለመጣ እንግዳ «አልወስድም» ብሎ ማን ራሱን ያሳጣል?

ጥያቄውን ቀየርነው። «እማማ፣ እስቲ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ የዋሉትን ይንገሩኝ።» ቤተ ክርስቲያን ተሳለሙ። ቡና አፈሉ። ጎረቤት ለቅሶ ነበር፣ እዚያ ዋሉ። ማታ ሽሮ ቀመሱና ተኙ። ክኒኑስ? «ትናንትማ አልተነሣብኝም። ደህና ውዬ ምን ያደርግልኛል?»

«አልተነሣብኝም»። ከዚያ ሁሉ የድምፅ ቅጂ ትልቁ ግኝት ይህ ቃል ነበር። ከፍተኛ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሰውየው ደህና ነኝ ሲል ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። እሳቸው ግን እንደ ራስ ምታት አንዳንድ ቀን የሚነሣ፣ አንዳንድ ቀን የሚተኛ ነገር አድርገው ነው የያዙት። ስሙም አያግዛቸውም። «ደም ብዛት» ሲባል ደም የበዛ ይመስላል። የበዛ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይቀንሳል፤ ከቀነሰ መድኃኒቱን ማን ይፈልገዋል? «በየቀኑ ውሰዱ» የሚል ፖስተር ይህን አይነካውም።

ወሬው ካለቀ በኋላ ደግሞ ዋናው ሥራ ይጀምራል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ቃል በቃል ለመጻፍ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ዶሮ እየጮኸ፣ ልጅ እያለቀሰ የተቀዳ ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ ትርጉም አለ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ስለ ልጃቸው ሞት ተጠይቀው «እሱንስ ሆድ ይፍጀው» ብለው ዝም አሉ። እንግሊዝኛው ላይ ምን ሆኖ እንደመጣ ልንገራችሁ? ሆድን የሚያቃጥል ሕመም። ቅጂውን መልሼ ባልሰማው ኖሮ የሰውየው ሐዘን ጨጓራ ተብሎ ሪፖርት ሊገባ ነበር።

«20 ሰው አነጋግሮ ስለ ሕዝብ መናገር አይቻልም»

ስንት ከመቶ ብለን ከተናገርን፣ እውነት ነው፣ አይቻልም። ግን እንዲህ አንልም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ያንን ቁጥር ከእኔ አትጠብቁ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ማቆሚያውም ሌላ ነው። አዲስ ሰው አነጋግረን አዲስ ነገር መስማት ስናቆም ሳቹሬሽን ላይ ደርሰናል እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ በብዙዎች የሚጠቀስ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በጋናና በናይጄሪያ ካሉ ሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን በቅደም ተከተል ሲመረምሩ፣ አብዛኛው ነጥብ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ወጥቶ አለቀ። ይህ ግን ተመሳሳይ ሰዎችን ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ስናናግር ነው። 12ን እንደ ክታብ ይዞ የሚዞር ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ከተሜውንና ገበሬውን፣ ወጣቱንና ሽማግሌውን ደባልቆ 12 ላይ ያቆማል። እሱ አይሆንም።

«ስኳርና ደም ብዛት የሀብታም በሽታ ነው»

ይህን በአጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ ስኳርና የልብ ሕመም ያሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያንስ 43 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል። ከሟቾቹ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ፍሪጅ የሌለው ገበሬም ኢንሱሊን ይወጋል። ርጥብ አሸዋ ያለበት ገንቦ ውስጥ አስቀምጦ።

«መድኃኒት የሚያቋርጠው ባለማወቅ ነው»

በጣም የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው። የስብሰባ ማሳረጊያ ሆኖ ሁሌም ይመጣል፤ «የግንዛቤ እጥረት አለ፣ ግንዛቤ እንፍጠር»።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ስኳር ያለበት አንድ ሰው በዐቢይ ጾም ወድቆ ጤና ጣቢያ ገባ። ካርዱ ላይ «መመሪያ አልተከተለም» ተብሎ ተጽፏል። ሳናግረው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኢንሱሊኑን ጠዋት በሰዓቱ ወግቷል፣ እንደታዘዘው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እህል ውኃ አልቀመሰም፣ እንደ ሃይማኖቱ። ሁለቱንም ትእዛዝ በማክበሩ ነው የወደቀው። ለምን ለሐኪሙ አልነገርክም አልኩት። «አትጹም ይለኛላ» አለኝ። ሐኪሙም አልጠየቀውም። ሐኪሙ በቀን የሚያያቸውን ሰዎች ብዛት ስላየሁ አልፈርድበትም። የታመመ ሰው ከጾም ነፃ እንደሚሆን ሰውየው ከእኔ የተሻለ ያውቃል። ግን ሰፈሩ ሁሉ ሲጾም ብቻውን ቁርስ የሚበላ ሰው መሆን አልፈለገም። እዚህ ጋ የጎደለው እውቀት የቱ ነው?

ሌላው ቀጠሮ ነው። የአንድ ወር ክኒን ለመውሰድ ሁለት መኪና ለውጦ፣ የቀን ሥራውን ትቶ የሚመጣ ሰው፣ ሲደርስ «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ሦስተኛው ወር ላይ ቢቀር አልገረምም።

«ለሕክምናው የሚጨምረው ነገር የለም»

እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 አገሮች የተውጣጡ 76 ምሁራን ለብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። መጽሔቱ የኳሊቴቲቭ ጥናቶችን «ቅድሚያ አንሰጣቸውም» እያለ ስለሚመልስ ነው። ስለዚህ አመለካከቱ የታክሲ ብቻ አይደለም።

እኔ ግን ለዚህ የምመልሰው በደቡብ ኢትዮጵያ ካለው ከወላይታ በመጣ ምሳሌ ነው። ዝሆኔ ከምንላቸው አንዱ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። አይተላለፍም፤ ጫማ ይከላከለዋል። ግን ያ ሁሉ ሰው በባዶ እግሩ እየሄደ ለምን የአንዳንዱ እግር ብቻ ያብጣል? ተመራማሪዎች ይህን በዘረመል ሊያጠኑ ሲነሡ ነዋሪውን ማነጋገርም የሥራው አካል ነበር። የሰሙት ከባድ ነው። በሽታው ያለበት ቤት ይገለላል፣ ከዚያ ቤት መጋባት ይፈራል። እንዲህ ባለበት ቦታ ቤተሰብ ለቤተሰብ እየዞሩ «ዘራችሁን እናጥና» ማለት ራሱ ጣት መቀሰር ሊሆን ነው። ስለዚህ ስምምነት ሲጠየቅ ምን ተብሎ፣ በማን አፍ፣ የት ቦታ እንደሚነገር መታሰብ ነበረበት። የዘረመል ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ፤ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት መኖሩንም አሳየ። ያን ናሙና የሰጠው ሰው መጀመሪያ እሺ ማለት ነበረበት።

ስለ ጫማም እንዲሁ። ጫማ ማደል ቀላል ነው። ገበሬው ግን ጫማውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጠዋል። በክረምት ሲያርስ ጭቃው ከእግሩ ላይ ይነጥቀዋል፤ በሬ እየነዳ ጫማ ፍለጋ ይመለስ?

«አሁን እኮ ሶፍትዌሩ ይሠራዋል»

ቃለ መጠይቆቹን የምንደረድርበት ሶፍትዌር፣ ኤንቪቮ፣ ጥሩ ቁም ሣጥን ነው። ልብሱን አያጥብም።

«መጥታችሁ ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ፤ ለእኛ ምንም አይተርፈንም»

ይህን የሚሉት ተሳታፊዎቻችን ናቸው። የተሳሳተ አመለካከት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሪከርደሬን ሳወጣ አንድ ሽማግሌ «አምናም ልጆች መጥተው እንዲህ ያለ ዕቃ አስቀምጠው ጻፉ። የዚያን ምን አደረጋችሁት?» አሉኝ። የአምናው የእኛ አልነበረም። ፈልጌ አስፈልጌ አገኘሁት። አንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ 80 ገጽ።

የራሳችንን ስንጨርስ ሁለት ገጽ አማርኛ ጽፌ ይዤ ተመለስኩ። እነዚያው ሽማግሌ ባሉበት፣ ዋርካው ሥር አነበብኩላቸው። አራተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እጃቸውን አነሡ። «ይቺ እኔ የተናገርኳት ናት፤ ግን እንዲህ አላልኩም።» እስክሪብቶ አወጣሁ። ሁለቷ ገጽ እስክታልቅ መሸብን።