ስለ ስማርት ከተማ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስማርት ከተማ ማለት በካሜራ፣ በስክሪንና በመብራት ያሸበረቀ አዲስ ከተማ ነው»

እውነታው፦ ስማርት ከተማ ማለት መረጃንና ቴክኖሎጂን ተጠቅሞ ለነዋሪዎቹ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚያሻሽል ከተማ ነው። ቴክኖሎጂ የከተማ ነዋሪን ኑሮ አብልጦ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ ለምሳሌ ከመሬት በታች በተቀበረ የውሃ መስመር። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 አጣርታ ወደ መስመር ከምትለቀው ውሃ 72 በመቶ ያህሉ በቧንቧ ፍሳሽ፣ በሕገወጥ ቅጥያና ባልተመዘገበ ፍጆታ ይባክን ነበር። በዚያው ዓመት የውሃ ድርጅቱን መምራት የጀመሩት ኤክ ሶን ቻን የደንበኞችን መዝገብ አጥርተው ወደ ኮምፒውተር አስገቡ፣ ለደንበኞች ሁሉ ቆጣሪ አስተከሉ፤ በሂደትም መስመሩ በዞን ተከፋፍሎ የውሃው ፍሰትና ግፊት በየዞኑ መለካት ጀመረ። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት በአንድ ዞን ፍሰቱ ካልቀነሰ፣ እዚያ አካባቢ የተሰነጠቀ ቧንቧ አለ ማለት ነው፤ ጠጋኝ ቡድንም ወደዚያው ይላካል። ብክነቱ በኋላ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወርዶ ከተማዋ ቀንና ሌሊት ውሃ ማግኘት ቻለች። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰውና ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን የሚሞላ የአዲስ አበባ ነዋሪ የዚህን ትርጉም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ይሁን እንጂ መሣሪያው ብቻውን ውጤቱን አላመጣም፤ ድርጅቱ ሂሳባቸውን ያልከፈሉ ባለሥልጣናትን ጭምር ውሃ ለመቁረጥ ባይደፍር ኖሮ ጥገናውን የሚሸፍን ገንዘብ ባልተገኘም ነበር።

«ዘመናዊ የትራፊክ መብራት ከተተከለ መጨናነቅ ይጠፋል»

ይህ አባባል ከፊል እውነት ስላለው ይበልጥ ያሳስታል። የተሽከርካሪዎችን ብዛት እያየ ጊዜውን የሚያስተካክል መብራት በእርግጥ ይረዳል፤ በአሜሪካ ፒትስበርግ እ.ኤ.አ. በ2012 በዘጠኝ መስቀለኛ መንገዶች ላይ የተሞከረው ሥርዓት የጉዞ ጊዜን በ25 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ነገር ግን መብራት የመኪናን ቁጥር አይቀንስም። ተሽከርካሪ ብቻ የሚቆጥር መብራት፣ 12 ሰው የጫነ ሚኒባስና አንድ ሰው ብቻ የያዘ የቤት መኪና ለእሱ እኩል ናቸው። ስለዚህ ማን ቅድሚያ ያግኝ የሚለውን አስቀድሞ የሚወስን የከተማ አስተዳደር ያስፈልጋል።

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ መሀል ከተማ የሚገቡና የሚወጡ መኪናዎችን የሰሌዳ ቁጥር በካሜራ እያነበበች ክፍያ የማስከፈል ሙከራ ስትጀምር፣ አብዛኛው ነዋሪ ይቃወም ነበር። አስተዳደሩ ግን ክፍያውን ከመጀመሩ በፊት ተጨማሪ አውቶቡሶችን አሰማርቶ ስለነበር መኪናውን ለተወ ሰው አማራጭ ነበረው። የክፍያውን መሥመር የሚያቋርጠው ትራፊክ በ20 በመቶ ገደማ ሲቀንስ የነዋሪውም አመለካከት ተለወጠ፤ በሕዝበ ውሳኔ ድጋፍ ካገኘ በኋላም ሥርዓቱ በ2007 ቋሚ ሆነ። ሲንጋፖር ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ከዚያ ቀደም ብላ እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመረችው መኪና ላይ በሚለጠፍ የወረቀት ፈቃድና በመግቢያዎች ላይ በቆሙ ተቆጣጣሪዎች ነበር፤ ወደ ኤሌክትሮኒክስ የዞረችው በ1998 ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን ይህ የ23 ዓመት ልዩነት ነው፤ ውሳኔው ትክክል ከሆነ በወረቀትም ይሠራል፣ ቴክኖሎጂው የሚያደርገው ሥራውን ፈጣንና ርካሽ ማድረግ ነው።

«ይህ የሀብታም ከተሞች ጉዳይ ነው»

አይደለም። የናይሮቢ ማታቱ የሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻዎች ልክ እንደ እኛ ታክሲዎች መሥመራቸው በረዳቱ ጥሪ የሚታወቅ እንጂ በካርታ የሰፈረ አልነበረም። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር በማታቱ እየተሳፈሩ፣ መሥመሮቹንና ማቆሚያዎቹን በእጅ ስልካቸው መዘገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ካርታው ለሕዝብ ይፋ ሆነ፣ በኋላም በጎግል ካርታ ላይ ገባ። እዚሁ በአገራችንም ቴሌብር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ፣ *127# በመደወል ይሠራል። ውድ ስልክ የሌላቸው ሰዎች የማይጠቀሙበት የከተማ አገልግሎት ገና ከጅምሩ የተሳሳተ መሆኑን አገልግሎቱን የሚሠራ ማንኛውም ባለሙያ ማስታወስ ይኖርበታል።

«የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ካሜራ ሊያሳስበው አይገባም»

በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ ኃይል ለመቆጠብና የትራፊክ መረጃ ለመሰብሰብ ተብለው ካሜራ የተገጠመላቸው ከ3000 በላይ የመንገድ መብራቶች ተተከሉ። ነዋሪዎች ፖሊስ ምስሉን ለወንጀል ምርመራ እንደሚጠቀምበት የተረዱት ዘግይተው ነው። ተቃውሞው እየጠነከረ ሄዶ ከንቲባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 መሣሪያዎቹ ሥራ እንዲያቆሙ አዘዙ፤ ለትራፊክ ጥናት ሊውል የታሰበው መረጃም አብሮ ተቋረጠ። ችግሩ የካሜራው መኖር ብቻ አልነበረም፤ ምስሉን ማን ያየዋል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል፣ ለምን ዓላማ ይውላል የሚሉት ጥያቄዎች ከተከላው በፊት በግልጽ አለመመለሳቸው ጭምር ነው። በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ስለዚህ በአዲስ አበባ አደባባይ ካሜራ ሲተከል የሚያይ ነዋሪ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚጠይቀው እንደ ተጠራጣሪ ሳይሆን ሕግ እንዳለው ዜጋ ነው።