ያረጀ የጺም ሳሙና አይጣልም፦ ስለ ድሮ ሳሙና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ፣ ከካርቶን ሥር ሁለት ክብ የጺም ሳሙናዎች አገኘሁ። ዊሊያምስ የሚባለው የአሜሪካ ሳሙና ነው፤ አንደኛው ከነመጠቅለያው፣ ሌላው ተከፍቶ የተሰነጣጠቀ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «አንተ፣ ይሄማ ጊዜው ያለፈበት ነው! ፊትህን ሊያቆስልህ ነው እንዴ?» አለኝ። በብሩሽ የሚመታ የድሮ ሳሙና መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያላለኝ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የምሰማቸውን ስህተቶች እዚህ ላንሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጊዜው አልፎበታል»

ደረቅ ሳሙና እንደ ወተት አይበላሽም። ስብ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው ውሃ ትንሽ ነው፣ አልካላይነቱም ከፍ ያለ ስለሆነ (ፒኤች 9 እስከ 10) ተህዋሲያን አይመቻቸውም። ዘመን የሚወስድበት ውሃውንና ሽታውን ነው። ስንጥቁም ከመድረቅ የመጣ ስለሆነ አያስፈራም። የሚያሰጋው ብርቱካናማ ነጠብጣብና የከረመ ዘይት ሽታ ነው፤ ይህ ስቡ ከአየር ጋር ተገናኝቶ መበላሸቱን ያሳያል። እንዲህ ያለውን እኔ አልጠቀምበትም። በቱቦ የሚሸጥ የድሮ ክሬም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውሃ ስለሚበዛው ፊታችሁ ላይ አታድርጉት።

«አረፋ የማይሰጠው ስላረጀ ነው»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ጥሩ ሳሙና የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነውና። የተሰነጠቀውን ሳሙና መጀመሪያ ስሞክረው አረፋው ከጉንጬ ወደ አገጬ ሳይደርስ ሟሽሾ ጠፋ። በማግስቱ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አናቱ ላይ አፍስሼ፣ ገላዬን ታጥቤ እስክወጣ ተውኩት። ከዚያ የራሰውን ብሩሽ ጨመቅ አድርጌ ሳሙናው ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ አዞርኩት። መጀመሪያ ብሩሹ ላይ የሚወጣው ሊጥ ይመስላል፤ ደረቅና የሚያጣብቅ ነው። ብዙዎች እዚህ ይደነግጡና ውሃ ይቸልሱበታል። አይደለም፤ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መምታት ነው። ሊጡ ቀስ እያለ እርጎ ይሆናል፣ ከዚያ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ዓይን የሚሞላ ትልልቅ አረፋ አይታይበትም። ያኔ ደርሷል። ያ «የሞተ» ሳሙና ሦስት ጊዜ ላጭቶኝ ብሩሹ ላይ ተረፈ።

ይህም ካልሠራ ውሃውን ጠርጥሩ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃው ካልሲየምና ማግኒዚየም ይበዛበታል። እነዚህ ከሳሙናው ጋር ተጣብቀው አረፋውን ወደ ዝቃጭ ይለውጡታል። አንድ ቀን በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ መትታችሁ አወዳድሩት፤ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። አፍልቶ፣ አስተኝቶ፣ ከላዩ መቅዳትም በከፊል ይረዳል።

«ሽታው ጠፍቷል»

የጠፋው የላዩ ነው። በቢላዋ ስስ አድርጋችሁ ፋቅ ስታደርጉት ከሥር የታፈነው ሽታ ይወጣል። የሎሚና የብርቱካን ዓይነቱ ቶሎ ይተናል፤ ሰንደልና ሙስክ ግን ዓመታት ይቆያሉ።

«ሳሙናው ውስጥ ያለው ሞራ የአሳማ ነው»

ይህን የሚጠይቁኝ በእምነታቸው ምክንያት ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ። በእንግሊዝኛ መለያው ላይ «ሶዲየም ታሎዌት» ከተባለ የከብት ወይም የበግ ሞራ ማለት ነው። የአሳማ ስብ ሲሆን «ሶዲየም ላርዴት» ተብሎ ይጻፋል። ችግሩ የድሮዎቹ ሳሙናዎች ብዙዎቹ ዝርዝር የላቸውም፤ የአሜሪካ ሕግ መዋቢያዎች ላይ ዝርዝር እንዲጻፍ ያስገደደው በ1970ዎቹ ነው። ዝርዝር የሌለውን እርግጠኛ ሆኖ «ይህ የከብት ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ።

«የድሮ ሁሉ ይሻላል»

የድሮ ነገር ወዳጅ ብሆንም ይህን አልቀበልም። እርግጥ ነው፣ ቅመማቸው ተቀይሮ ወዳጆቻቸው ያዘኑባቸው አሉ፤ በ1959 የወጣው ታባክ የሚባለው የጀርመን ሳሙና ለአሥርት ዓመታት ሞራ ነበረበት፣ በቅርብ ዓመታት ግን ሞራው ወጥቷል። እኔም የድሮውን እመርጣለሁ። ነገር ግን በድሮ ሽቶዎች ውስጥ ይጨመር የነበረው ሙስክ አምብሬት የሚባል ኬሚካል ቆዳን በፀሐይ እንዲቆጣ እንደሚያደርግ ታውቆ ዛሬ በአውሮፓ ኅብረት ክልክል ነው። ስለዚህ አዲስ ያገኛችሁትን አሮጌ ሳሙና አስቀድማችሁ ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። ከተላጫችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ ካሳከካችሁ ደግሞ ተዉት።

«ሳሙናው አደገኛ ነው፣ ብሩሹ ግን ምንም የለውም»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለብሩሽ የሚፈለገው የባጀር (የዱር እንስሳ ነው) ጸጉር እጥረት ሲፈጠር፣ በቅጡ ያልጸዳ የፈረስ ጸጉር በርካሽ ብሩሾች ውስጥ ገባ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሰዎች ሲላጩ አባ ሰንጋ ያዛቸው፣ የሞቱም አሉ። እንግሊዝ በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የጺም ብሩሽ እንዳይገባ ከለከለች። የአባ ሰንጋ ዘር አፈር ውስጥ እንኳ ለአሥርት ዓመታት የሚቆይ ነው፣ በሳሙና መታጠብም አይገድለውም። ከ1930 በፊት የተሠራ፣ ጸጉሩ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ብሩሽ ካገኛችሁ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ፊታችሁ ላይ አይሁን።

«ቆርቆሮው ላይ 1840 ስለሚል የ1840 ነው»

ያ ዓመት ድርጅቱ የተመሠረተበት ነው። ዊሊያምስ ሥራ የጀመረው በ1840 ኮነቲከት ውስጥ ነው፤ የእንግሊዙ ያርድሌይም 1770ን ይጽፋል። የሳሙናውን ዕድሜ የሚናገረው ትንሹ ጽሑፍ ነው። የአሜሪካ አድራሻ ከሆነ፣ ከከተማው ስም ቀጥሎ ባለ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ቁጥር ብቻ ካለ ከ1943 እስከ 1963 ባለው ጊዜ የተሠራ ሊሆን ይችላል። አምስት አሃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር (ዚፕ ኮድ) ከታተመበት ከ1963 ወዲህ ነው። የባር ኮድ መስመር ካለ ደግሞ ከ1970ዎቹ አይቀድምም፤ አሜሪካ ውስጥ በሱቅ መጀመሪያ የተነበበው በ1974 ነው። ሻጭ «የጦርነቱ ዘመን ነው» ብሎ ዋጋ ሲቆልልባችሁ ቆርቆሮውን ገልብጣችሁ እነዚህን ፈልጉ።

«የታሸገ አይከፈትም»

መጠቅለያው ብርቅ ከሆነ ይቀመጥ፣ አልቃወምም። እኔ ግን ያኛውን ከነመጠቅለያው ያገኘሁትን ከፈትኩት። ወረቀቱን በእንፋሎት አላቅቄ፣ ሳይቀደድ በደብተር መሃል አኖርኩት። ሳሙናው አሁን እጀታው በተሰበረ ኩባያ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ሲነካው መታጠቢያ ቤቱን የሎሚ ቅጠል የሚመስል ሽታ ይሞላዋል።