በእሳት አደጋ ጊዜ የቤት እንስሳት

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ውሻ ቀኑን ታስሮ ነው የሚውለው። ከአጥሩ ሥር ወይም ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ፣ በአጭር ሰንሰለት። ማታ ተለቆ ግቢ ይጠብቃል። እሳት ሲነሳ ሰው ልጆቹን አቅፎ ይሮጣል። ውሻው እዚያው ይቀራል።

ሰንሰለቱ አብዛኛውን ጊዜ በሽቦ የተጠማዘዘ ወይም በቁልፍ የተቆለፈ ነው። የደነገጠ ውሻ ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር ማሰሪያው ይጠብቃል። ይህን ጭስ መሃል ቆሞ በሚንቀጠቀጥ እጅ መፍታት ዘበት ነው። አንገቱ ላይ በአውራ ጣት ጫን ሲደረግ የሚከፈት መንጠቆ ቢኖር ግን የአንድ አፍታ ሥራ ነው። የሚታሰርበት ቦታም ከማዕድ ቤት፣ ከቡታጋዝና ከከሰል ጆንያ መራቅ አለበት። ለበዓል የተገዛ በግ ስንቴ ነው ማዕድ ቤት በር ላይ የሚታሰረው!

ድመት አትታሰርም፣ ትደበቃለች። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ኮርኒስ ላይ። ስትጠራ አትመጣም፣ ስትያዝ ትቧጭራለች። የምትወደውን መደበቂያ ቀድሞ ያወቀ ሰው ጊዜ አያባክንም። በወፍራም ፎጣ ጠቅልሎ ማውጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ድመት የምትደርስበት ጠርዝ ላይ አይቀመጥም፤ በጭራዋ ነካ ካደረገችው ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። በተለይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የከሰል ማንደጃም ያወጣዋል። ዶሮና ወፍ ከሁሉም ቀድመው ይጎዳሉ። የእንግሊዝ ማዕድን ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ወፍ ይዘው ጉድጓድ የሚወርዱት ለዚሁ ነበር። ስለዚህ ዶሮዎችን ማዕድ ቤት ቆጥ ላይ ማሳደር ጥሩ ልማድ አይደለም።

አንዴ ከተወጣ በኋላ ለእንስሳ ተብሎ ወደሚነድ ቤት አይገባም። ከባድ ነው፣ አንጀት ይበላል፤ ግን አይገባም። አዲስ አበባ ላይ ወደ 939 ይደወላል፣ እንስሳው የትኛው ክፍል እንዳለ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ይነገራል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። እዚያ ቤት ውስጥ ስንት እንስሳ እንዳለ የሚናገር ምልክት መስኮት ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። ለውሻና ለድመት አፍንጫ የተሠራ የኦክስጅን ጭምብል የያዙ የእሳት አደጋ ጣቢያዎችም አሉ።

የተረፈ እንስሳ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ይወሰዳል። ቃጠሎው ላይ ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውሃ ይፈስበታል። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ጭስ የጎዳው ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል፣ ደህና ቢመስልም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የደነገጠ ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ።

የጠፋች ድመት ሞታለች ብሎ ቶሎ መደምደም አይገባም። ግርግሩ ሲበርድ፣ ብዙውን ጊዜ ማታ፣ ወደምታውቀው ግቢ ልትመለስ ትችላለች። በአጥሩ በኩል ምግብና ውሃ ይቀመጥላት፤ የምታውቀው ሰው በለመደችው ድምፅ ይጥራት።