ጆኤል ሳንታና፦ ክለብ ሲጨንቀው ይጠራው የነበረው አሰልጣኝ

ብራዚል ውስጥ አሰልጣኝ ማባረር ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፈ ሰውየው ይሰናበታል፣ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የተቀናቃኙን ክለብ ይዞ ብቅ ይላል። በዚህ ኑሮ እንደ ጆኤል ሳንታና የተመቸው ያለ አይመስለኝም።

ሙሉ ስሙ ጆኤል ናታሊኖ ሳንታና ነው። በፈረንጆቹ ገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1948 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ተወለደ። ለሪዮው ክለብ ቫስኮ ዳ ጋማ በተከላካይነት ተጫውቷል። አሰልጣኝነቱን ግን ሀ ብሎ የጀመረው ባህረ ሰላጤው አካባቢ፣ በኤምሬትሱ አል ዋስል ነው።

ስሙ የገነነው በሪዮ ክፍለ ግዛት ሻምፒዮና ነው። በ1992 እና 1993 ከቫስኮ፣ በ1995 ከፍሉሚኔንሴ፣ በ1996 ከፍላሜንጎ፣ በ1997 ከቦታፎጎ ጋር ዋንጫ አነሳ። እርስ በርስ ዓይንና ናጫ የሆኑ አራት ክለቦች፣ ያውም በስድስት ዓመት ውስጥ! የ1995ቱ ደግሞ ልዩ ነው። ፍላሜንጎ 100ኛ ዓመቱን እያከበረ ነበር፣ ሮማሪዮን አስፈርሟል፣ አቻ መውጣትም ይበቃው ነበር። ፍሉሚኔንሴ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2 ከሆነ በኋላ፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሬናቶ ጋውሾ በሆዱ ገጭቶ አስገባትና 3 ለ 2 አለቀ።

በታኅሣሥ 2000 ቫስኮ አሰልጣኙን ያባረረው ልክ ከሜርኮሱር ዋንጫ (የደቡብ አሜሪካ ክለቦች ውድድር) ወሳኝ የፍጻሜ ጨዋታ በፊት ነበር፤ ጆኤልን ጠሩት። ሳኦ ፓውሎ ላይ በፓልሜራስ 3 ለ 0 ተመርተው ለእረፍት ወጡ፣ ከእረፍት በኋላም አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ አጡ፣ ግን ሮማሪዮ ሦስት አግብቶ 4 ለ 3 አሸነፉ። የመጨረሻዋ ጎል የገባችው በባከነ ሰዓት ነው። በቀጣዩ ወር የብራዚል ሻምፒዮናውን ጨመሩበት። እርግጥ ቡድኑን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ገብቶ አለማበላሸትም ችሎታ ይመስለኛል። ፍላሜንጎንም በ2005 ከመውረድ አተረፈው፣ በ2007 ደግሞ ከወራጅ ቀጠና አንስቶ 3ኛ አደረገው።

አፍሪካ ያወቀችው በ2008 ነው። ብራዚላዊው አሰልጣኝ ፓሬራ በባለቤቱ ሕመም ምክንያት የደቡብ አፍሪካን ብሔራዊ ቡድን፣ ባፋና ባፋናን፣ ሲለቅ ቦታውን ጆኤል ያዘ። በ2009 ኮንፌዴሬሽን ካፕ ባፋና ባፋና ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ፣ የአገሩን ብራዚልን እስከ 88ኛው ደቂቃ ያለ ጎል ካቆየ በኋላ በዳኒ አልቬስ ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ውድድር የሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ፖርቱጋልኛና እንግሊዝኛ የተቀየጠበት፣ ብራዚልን በሳቅ ገደለ። እሱ ግን አላፈረም፤ ኋላ ላይ በዚያው እንግሊዝኛው የሻምፑ ማስታወቂያ ሠርቶ ገንዘቡን በላ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ግን ነገሩ አላማረም፣ ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ስምንቱን ተሸንፎ በጥቅምት 2009 ተሰናበተ። ለዓለም ዋንጫው ፓሬራ ተመለሰ።

በጥር 2010 ቦታፎጎ በቫስኮ 6 ለ 0 ተቀጠቀጠ። ማንን ይጥሩ? ጆኤል በሚያዝያ ፍላሜንጎን 2 ለ 1 አሸንፎ የሪዮ ክፍለ ግዛት ዋንጫውን ወሰደ። ማሸነፊያዋን ኡራጓያዊው ሎኮ አብሬው በፍፁም ቅጣት ምት፣ ኳሷን በቀስታ ከፍ አድርጎ በመሃል አስገባት።